ቀርከሃው ላይ ያለው ነጭ ነገር ማን ነው? ሚሊባግ እንዴት ይለያል፣ እንዴትስ ይመደባል

ቀርከሃ ላይ ነጭ ነገር ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ምን ይረጭበት?” ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ተራው ግን ገና ነው። መጀመሪያ ነጩ ነገር ሕይወት ያለው መሆኑ፣ ቀጥሎ ነፍሳት መሆኑ፣ ከዚያም ከነፍሳት ውስጥ ሚሊባግ (ነጭ የሰም ዱቄት የሚለብስ፣ የተክል ፈሳሽ የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት) መሆኑ መጣራት አለበት። ሚሊባግ ሆኖ ከተገኘም ሥራው ገና ግማሽ ነው፤ ምክንያቱም ሚሊባግ የአንድ ነፍሳት ስም ሳይሆን 2,000 ገደማ ዝርያዎችን የያዘ ቡድን መጠሪያ ነው።

የዝርያ ስም ማጣራት የቢሮ ቅንጦት የሚመስለው ካለ የኬንያን ቡና ታሪክ ይስማ። በ1920ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኬንያ የቡና እርሻዎች ሚሊባግ ፈላ። ባለሙያዎች መጀመሪያ የብርቱካን ሚሊባግ ነው አሉ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ የለም፣ በእስያ የሚታወቀው ሌላ ዝርያ ነው ተባለ። ተባዩ የእስያ ከሆነ ጠላቱም እስያ ነው ያለው በሚል፣ ሚሊባግ የሚያጠፉ ነፍሳት ፍለጋ ወደዚያ ተኬደ። የመጡት ግን ወረርሽኙን አልገቱትም። በ1935 ሌ ፔሊ የተባለው የነፍሳት ተመራማሪ ይህ ሚሊባግ ከሁለቱም የተለየ፣ እስከዚያ ድረስ ስም ያልወጣለት ዝርያ መሆኑን አሳየ። ዛሬ ፕላኖኮከስ ኬንያኤ ይባላል። አገሩም እዚያው ጎረቤት፣ ኡጋንዳ ሆኖ ተገኘ። በ1938 ከኡጋንዳ የመጣች አናጊረስ የተባለች ደቃቃ ጥገኛ ተርብ ኬንያ ላይ ተለቀቀች፤ ሚሊባጉም አደብ ገዛ።

እንዲህ ዓይነቶቹ ተርቦች እንቁላላቸውን ሚሊባጉ ሰውነት ውስጥ ይጥላሉ፤ እጩ ከውስጥ እየበላው ያድጋል። ታዲያ ብዙዎቹ ያገኙት ሚሊባግ ላይ ሁሉ አይራቡም። አንዷ የምትኖርበትን ዝርያ ሌላዋ አትነካውም፤ ዓይናችን ሁለቱን ሚሊባጎች መለየት ቢያቅተውም ተርቧ ትለያቸዋለች። ስሙ ላይ የሚደክመውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እኛው ከተማ፣ ወደ ሐዋሳ እንምጣ። እዚህ ስለ ቀርከሃ ነጭ ነገር የሚጠይቁት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኞቹ ለጌጥ ያስተከሉ የግቢ ባለቤቶችና የሆቴል አትክልተኞች ናቸው። ሌሎቹ ሁላ፣ አርቤጎና ወይም ሌላ የሲዳማ ደጋ ላይ የቤተሰብ ቀርከሃ ያላቸው፣ ከተማ የሚሠሩ ልጆች ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ወጥተው ያዩትን በስልክ ፎቶ ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱም “ቀርከሃ” ይላሉ፤ ተክሉ ግን አንድ አይደለም። የደጋው ቀርከሃ በአገራችን ከ2,200 ሜትር በላይ የሚበቅል አገር በቀል ተክል ነው፤ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐዋሳ ለእሱ ቆላ ትሆንበታለች። ከተማው ውስጥ በብዛት የሚታየው፣ ቢጫ ግንዱ ላይ አረንጓዴ ሰረዝ ያለው፣ ከእስያ የመጣው ባምቡሳ ቩልጋሪስ ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ብትሄዱ ደግሞ ሦስተኛ አለ፤ ሽመሉ፣ ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ። ከእስያ በችግኝ የመጣ ተክል የእስያ ተባይ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አገር በቀሉ ላይ የሚገኘው ግን የአገሩ ነዋሪም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስለ ነፍሳቱ ከመጠየቃችን በፊት ተክሉ የትኛው እንደሆነ እንጠይቃለን። በነገራችን ላይ የደጋው ቀርከሃ ራሱ ስሙ አልረጋለትም፤ አሩንዲናሪያ አልፒና ተባለ፣ ዩሻኒያ አልፒና ተባለ፣ ከ2013 ወዲህ ደግሞ ኦልዴያኒያ አልፒና ነው። የድሮ ጽሑፍ የሚያገላብጥ ሰው ሦስቱንም ካላወቀ ሦስት ተክል ይመስሉታል።

አሁን ዓይንን የሚያታልሉትን እናስወግድ። ለጋ የቀርከሃ ግንድ ከአንጓው በታች የራሱ ነጭ ዱቄት አለው። ሰም ነው፤ ተክሉ ራሱ የሚያወጣው፣ ግንዱ ሲያረጅ የሚጠፋ። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ግቢ አትክልተኛው “ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተረጭቶም አልለቅ አለ” ብሎ ያሳየኝ ይህንኑ ነበር። እንዴት ይለቃል? መለያው ቀላል ነው፤ ነጩን በጣት ጠርጎ ነጭ ወረቀት ላይ ማሸት። የተክሉ ሰም ደረቅ ዱቄት ብቻ ይተዋል። ሚሊባግ ከሆነ ይፈርጣል፤ እርጥብ ቢጫ፣ ሮዝ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ ወረቀቱ ላይ ይቀራል።

ሌላው አታላይ ወዳጅ ነው። ሚሊባግ የሚበሉ አንዳንድ ጥንዚዛዎች፣ ከእነሱም ታዋቂው ክሪፕቶሌመስ፣ እጫቸው ነጭ የሰም ጭራሮ ለብሶ ቁርጥ ሚሊባግ ይመስላል። የሚለየው በአካሄዱ ነው። ሚሊባግ ከሄደም ያዘግማል፤ የጥንዚዛው እጭ ፈጣን ነው፣ መጠኑም ብዙ ጊዜ ከሚበላቸው ይበልጣል። ሚሊባጉን የሚበላውን “ትልቁ ሚሊባግ” ብሎ እየለቀመ የሚገድል ብዙ ሰው አለ።

ቀርከሃ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባለ ቅርፊት ነፍሳትም አሉ። ባምቡሳስፒስ የሚባሉት ግንዱ ላይ ልጥፍ ያሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢጫማ ወይም አረንጓዴማ ክዳን ያላቸው ናቸው። ዱቄት የላቸውም፤ በአጉሊ መነጽር ካዩዋቸው ግር አይሉም። ሱፍ የሚያወጡ የክሽክሽ ዓይነቶችም አሉ፤ እነሱ ብዙውን ጊዜ ተጨናንቀው ገሃድ ይቀመጣሉ፣ እግራቸውም ረዘም ይላል።

ከዚህ ሁሉ ያለፈው ሚሊባግ ነው። ዘመዶቹ እነማን ናቸው? ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብና ባለ ቅርፊት ነፍሳት የቅርብ ሲሆኑ፣ የአልጋ ትኋን ደግሞ ሩቅ ዘመዱ ነው። ሁሉም ሄሚፕቴራ በሚባለው ትልቅ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ አፋቸው ማኘኪያ ሳይሆን የሚወጋና የሚመጥ መርፌ ነው። ከዚያ ውስጥ ሚሊባጎች ሲውዶኮሲዴ የሚባለው ቤተሰብ ናቸው። ከተክሉ የመጠጡትን ስኳር ሰውነታቸው ሁሉንም አይጠቀምበትም፤ ትርፉን በሚጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ መልክ ያስወጡታል። ጉንዳን የሚከተላቸው እሱን ፍለጋ ነው። ፈሳሹ ያረፈበት ቅጠል ላይም ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ይበቅላል።

ወንዱና ሴቷ አንድ ዝርያ አይመስሉም። ወንዱ ክንፍ ያወጣል፣ አፍ የለውም፣ ጥቂት ቀን ኖሮ ይሞታል። ሴቷ ክንፍ አታወጣም፤ ካደገችም በኋላ መልኳ ከልጅነቷ ብዙም አይርቅም። የዝርያ መለያ መጻሕፍት ከሞላ ጎደል የተሠሩት በአዋቂ ሴት ላይ ነው። ናሙና ውስጥ ሕፃናት ብቻ ካሉ አዋቂው ባለሙያም ቢሆን ብዙ ርቀት አይሄድም።

ቀርከሃ ላይ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳውን ጥቂቶቹን ልጥቀስ። መጀመሪያ የአንቶኒና ወገን (ወገን የምንለው ተቀራራቢ ዝርያዎችን የያዘውን ምድብ ነው)። ይህን ስም ሲኞሬ የተባለ ፈረንሳዊ በ1875 ነው ያወጣው። አንቶኒና ክራዊን ኮክረል በ1900፣ አንቶኒና ፕሬቲዮሳን ደግሞ ፌሪስ በ1953 ስም አውጥተውላቸዋል። ገና የተፈለፈለችው አንቶኒና እግር አላት፣ ትሄዳለች፣ ቦታ ትመርጣለች። አንጓ ላይ፣ ግንዱን ከሚያቅፈው ሽፋን ሥር ከተቀመጠች በኋላ ግን እግሯን ትጥላለች፤ አንቴናዋም ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ያላት ጉጥ ብቻ ሆና ትቀራለች። ከዚያ በኋላ እድሜ ልኳን እዚያው ናት፣ ጥቅጥቅ ያለ የሰም ጋቢ ተከናንባ። ሽፋኑን በጥፍር ይዛችሁ ወደ ታች ስትልጡት የምታዩት ጋቢውን ነው፤ በመርፌ ገለጥ ስታደርጉት ውስጡ ያለችው ጥቁር ሐምራዊ፣ ድቡልቡል፣ እግር አልባ ነገር ናት። ከኋላዋ ቀጭን ነጭ የሰም ቱቦ ይወጣል። ጣፋጩን ፈሳሽ በዚያ አሳልፋ ከጋቢዋ ውጭ ትጥለዋለች፤ እንዲህ ባታደርግ በራሷ ቆሻሻ ትጠመቅ ነበር። ይህ ቱቦ በአጉሊ መነጽር ይታያል፤ ሜዳ ላይ “አንቶኒና ሳትሆን አትቀርም” ለማለት ከእሱ የተሻለ ምልክት አላውቅም።

የቀርከሃዎቹ አንቶኒናዎች እኅት የሆነችው አንቶኒና ግራሚኒስ በሣር ላይ ናት፣ ለከብት መኖ የሚዘራውን ሮደስ ሣርንም ትወዳለች። ቴክሳስ ላይ ግጦሽ ስታጠፋ ከሕንድ ኔኦዱስሜቲያ የምትባል ተርብ መጣችላት። ሴቷ ተርብ በክንፏ የምትበርር አይደለችም፤ ስለዚህ በአውሮፕላን ተበተነች። ይህም ሊሆን የቻለው የሣሯ አንቶኒና የትኛዋ እንደሆነች ስለታወቀ ነው።

ሁለተኛዋ ኬቶኮከስ ባምቡሴ ናት፤ ማስኬል በ1893 ስም ያወጣላት። እሷም እግር የላትም፤ ነገር ግን ሰፊና ቡናማ ናት፣ ከሽፋኑ ሥር ተጫጭና ትኖራለች። ሦስተኛዋ ፓልሚኩልቶር ሉምፑረንሲስ። ይህች እግሯን አልጣለችም፤ ሮዝማ ሰውነቷ ላይ ነጭ ዱቄት አለ፣ ሽፋኑ ሲላጥ ቀስ ብላ ትሸሻለች። የምታጠቃው ለጋውን ቡቃያ ስለሆነ ቡቃያው ሊቀጭጭ ወይም ሊደርቅ ይችላል። ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ በ1951 ከማሌዥያ ናሙና ስም ሲያወጣላት ትራዮኒመስ የሚባለው ወገን ውስጥ ነበር የመደባት፤ በኋላ ወደ ፓልሚኩልቶር ተዛወረች። በሳይንሳዊ ጽሑፍ ውስጥ የታካሃሺ ስም በቅንፍ ውስጥ የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ ቅንፉ “ስሙን ያወጣው እሱ ነው፣ ምድቡ ግን ተቀይሯል” ማለት ነው። የኮክረል ስም ከአንቶኒና ክራዊ ኋላ ያለ ቅንፍ ይጻፋል፣ ምድቧ ስላልተነካ። ትንሽ ምልክት ናት፤ የድሮ መዝገብ ስትፈልጉ ግን በሌላ ስም መፈለግ እንዳለባችሁ የምትነግራችሁ እሷ ናት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጥርጣሬ ለመያዝ እንጂ ስም ለመስጠት አይበቃም። ስም የሚሰጠው ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ላይ ነው፤ ሥራው ደግሞ ትዕግሥት የሚፈትን ነው። አልኮል ውስጥ የቆየችውን ሴት ጎኗን በደቃቅ መርፌ ይበሷታል፤ ከዚያ በ10 በመቶ ፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ለስለስ ባለ ሙቀት ያቆዩዋታል። ሥጋዋ ይሟሟል፤ በጥንቃቄ ጫን ጫን እያደረጉ ውስጧን ባዶ ያደርጉታል። የአንቶኒና ከሆነች ሐምራዊው ቀለም በዚህ ጊዜ እየለቀቀ ይወጣል። የሚቀረው ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ ቆዳ ነው። እሱን አሲድ ፉክሲን በሚባል ቀይ ቀለም ይነክሩታል፣ በአልኮል ውኃውን ያስወጡለታል፣ በቅርንፉድ ዘይት ያጠሩታል (ላብራቶሪው ያን ቀን ወጥ ቤት ወጥ ቤት ይሸታል)፣ በመጨረሻም ካናዳ ባልሰም ላይ አስተኝተው በቀጭን መስታወት ይከድኑታል። እስኪደርቅ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ማይክሮስኮፕ ሥር የሚታየው ከነጩ ዱቄት ጋር ምንም አይገናኝም። ዱቄቱ ታጥቦ ሄዷል፤ የቀሩት ዱቄቱ የወጣባቸው ቀዳዳዎች ናቸው፣ መለያዎቹም እነሱ ናቸው። ሦስት ክፍል ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ቆዳውን የሚያለብሰው ሰም የሚወጣው በእነሱ ነው። ብዙ ክፍል ያላቸው ክብ ቀዳዳዎች በአብዛኛው ከሆድ በኩል፣ በመራቢያው አካባቢ ይበዛሉ። ቱቦ የመሰሉም አሉ፤ የእንቁላሉን ከረጢት የሚሠራው ክር ከእነሱ ይወጣል። አምስት ክፍል ያላቸው ቀዳዳዎች ከተገኙ፣ በተለይ ጥፍሯ ላይ ትንሽ ጥርስ ካለ፣ ፍለጋው ፌናኮከስ ወደሚባለው ወገንና ወደ ዘመዶቹ ይዞራል። የአካሏ ጠርዝ ላይ ሴራሪ የሚባሉ የሾጣጣ ፀጉሮችና ቀዳዳዎች ስብስቦች ይቆጠራሉ። ፕላኖኮከስ 18 ጥንድ አላት፤ ፌሪሲያ የምትባለው አንድ ጥንድ ብቻ። የአንቴናዋ ክፍሎች፣ የኋላ እግሯ ላይ ያሉ ጥቃቅን መስኮቶች፣ ሆዷ ላይ ያለው ክብ ምልክት፣ የፊንጢጣ ቀለበቷ ፀጉሮች፣ ሁሉም ይታያሉ፣ ይቆጠራሉ፣ ከመለያው ጋር አንድ በአንድ ይነጻጸራሉ። እግር ያልነበራት አንቶኒና ላይ ታዲያ ግማሹ መለያ የለም፤ ሸክሙ ሁሉ ቀዳዳዎቹ ላይ ይወድቃል። እሷን መለየት የሚከብደው ለዚህ ነው።

ቆጠራው ራሱም ሊያታልል ይችላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጄኒፈር ኮክስ የተባለች ተመራማሪ የብርቱካንን ሚሊባግ በተለያየ ሙቀት አሳደገችው። የአንድ ዝርያ ልጆች ሆነው ሳለ በመጠንና በቀዳዳ ብዛት ተለያዩ፤ ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ በመለያ መጽሐፍ ቢፈተሹ ሌላ ዝርያ ተብለው ይመዘገቡ ነበር። ሐይቁ ዳር በሞቃቱ ግቢና ሁላ ላይ በውርጭ ውስጥ የተገኙ ሁለት ናሙናዎች በቁጥር ቢለያዩ ወዲያው “ሁለት ዝርያ” የማንለው ለዚህ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ዓይን አንድ ያላቸው ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ። የካሳቫ ሚሊባግ አፍሪካን ሲያስጨንቅ ተመራማሪዎች ደቡብ አሜሪካ ሄደው ተመሳሳዩን አገኙ፤ ደስታው ግን አልቆየም። ያ ሌላ ዝርያ ነበር፣ በ1981 ፌናኮከስ ሄሬኒ የሚል ስም የወጣለት፤ ወንድ አለው፣ የአፍሪካው ግን ያለ ወንድ በሴት ብቻ የሚራባ ነው። እውነተኛው በዚያው በ1981 ፓራጓይ ውስጥ ተገኘ። ከእሱ ጋር የመጣችው ተርብ ብዙ አገሮችን ከካሳቫ ችግር አዳነች፤ ዘመቻውን የመራው ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማት ወስዷል።

ዘረ መል አይገላግለንም ወይ የሚል ይኖራል። ያግዛል፤ በተለይ ሕፃናት ብቻ ሲገኙ። ነገር ግን ለአብዛኞቹ እንስሳት የሚሠራው የተለመደ የዘረ መል መፈለጊያ ሚሊባግ ላይ ብዙ ጊዜ እምቢ ስለሚል የራሱ ያስፈልገዋል። ሚሊባግ ሰውነት ውስጥ አብረውት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም አሉ፤ በብርቱካኑ ሚሊባግ ላይ እንዲያውም አንዱ ባክቴሪያ ሌላው ባክቴሪያ ውስጥ ይኖራል። የነፍሳቱን ብቻ አነባለሁ ያለ ሰው የእነሱንም ቀላቅሎ ሊያነብ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተነበበው ዘረ መል የሚነጻጸረው ቀድሞ ከተመዘገበ ጋር ነው፤ መዝገቡ ላይ ስሙን የጻፈው ሰው ስላይዱን ተሳስቶ ከነበረ፣ ስህተቱ በማሽን ታትሞ ይመጣል።

እዚሁ ደቡባችን ያለው የእንሰት ሥር ሚሊባግ ይህን ሁሉ መንገድ ሄዷል። ገበሬው ያውቀው ነበር፤ እንሰቱ ሲቀጭጭና በቀላሉ ሲነቀል ሥሩ ላይ ያየው ነበር። ሳይንሳዊ ስም የወጣለት ግን በ1999 ነው፤ ዊሊያምስና ማቲል-ፌሬሮ ካቴኖኮከስ ኤንሴቴ አሉት። አሁን ፓራፑቶ ኤንሴቴ ተብሎም ይገኛል። ማቲል-ፌሬሮ የካሳቫውንም ሚሊባግ በ1977 ስም ያወጣች ናት። በዚህ ሙያ ዓለም ጠባብ ናት፤ ሚሊባግ በቀዳዳው የሚለይ ሰው ጥቂት ነው።

ናሙና ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለእፅዋት ጤና ላብራቶሪ የሚወስድ ሰው ቢያስብበት የምለው ይኸው። በጣት እየለቀማችሁ አታምጡ፤ ቆዳው ከተቀደደ ስላይድ አይሆንም። አንጓውን ከነሽፋኑ ቁረጡና ነፍሳቱ የተቀመጠበትን ቁራጭ እንዳለ 70 በመቶ አልኮል ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ። ትልልቆቹ መኖራቸውን አረጋግጡ። ጉንዳን ካለ ጥቂት ጉንዳንም ለብቻው ያዙ። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የቀርከሃውን ዓይነትና የተክሉ የትኛው ክፍል ላይ እንደተገኘ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱ፣ በእርሳስ። በእስክሪብቶ የተጻፈውን አልኮሉ አጥቦት ባዶ ወረቀት ይደርሳል፤ እንዲህ ያለ ስንት ናሙና ተጥሏል። ውጤቱ እስኪመጣ ግንዱን ወይም ችግኙን ወደ ሌላ ግቢ አታዛውሩ። የተጠቃውን ቡቃያና ሽፋን ቆርጦ ማቃጠል ይቻላል፤ የመርጨት ነገር ግን ሽፋኑ ሥር ለተከናነበችው ብዙም አይደርስም፣ ከውጭ ያሉትን ጥንዚዛዎችና ተርቦች ግን ይደርሳል።

ከዚያ መልሱ ይመጣል። “አንቶኒና ኤስ ፒ” የሚል ከሆነ ባለሙያው ወገኑን እርግጠኛ ሆኖ ዝርያውን አልቆረጠም ማለት ነው። በመካከሉ “ሲ ኤፍ” ካለበት፣ ለምሳሌ “አንቶኒና ሲ ኤፍ ክራዊ” ካለ፣ ክራዊን ትመስላለች ግን ይረጋገጥ ማለቱ ነው። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ “ታዲያ ምኑን ለዩት?” ብሎ ይበሳጫል። እኔ ግን ከኬንያው ታሪክ በኋላ በአንድ ቀን ሙሉ ስም ከጻፈልኝ ይልቅ “ኤስ ፒ” ብሎ አዋቂ ሴቶች ጨምራችሁ አምጡ ያለኝን አምናለሁ።